ኃይል ሲቋረጥ በሩን ማን ይከፍታል?

የመኪና በር፣ መስታወት፣ ኮፈንና ሞተር ባለፉት መቶ ዓመታት ያለፉበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሁሉም በሰው ክንድ ይሠሩ ነበር፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሞተር ክንዱን ተካ፤ ዛሬ ደግሞ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ሻጩም ገዢውም ይህን ጉዞ የሚተርኩት የምቾት ታሪክ አድርገው ነው፤ ሰው ደከመኝ ባለበት ሁሉ ማሽን ገብቶ አሳረፈው ይባላል። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። አንድ መሣሪያ ሥራን ከሰው እጅ ሲረከብ አብሮ የሚረከበው ኃላፊነት አለ፤ ራሱ ሥራ ሲያቆም ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይኸው ነው፦ በኃይል የሚሠራ በር፣ ኮፈን ወይም የሞተር መቆጣጠሪያ ዋነኛ መለኪያው በደህናው ቀን የሚያሳየው ቅልጥፍና አይደለም፤ በተበላሸ ቀን ወዴት እንደሚወድቅ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በምዕራፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሞተር ማስነሻው እንጀምር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቤንዚን መኪና የሚነሣው ከፊት በሚሰካ ማኖቬላ ነበር፤ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ የተጠማዘዘውን ብረት ይዞ የሞተሩን ዘንግ በጉልበቱ ያዞራል። ሞተሩ ያለጊዜው ከተቀጣጠለ ማኖቬላውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ ይህ ምት የብዙ ሰው አንጓ፣ ክንድና መንጋጋ ሰብሯል። መፍትሔውን ያመጣው በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በዴይተን ከተማ የሚሠራው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል በናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ሳለ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ ሞተር ያሠራ ሰው ነበር። ከዚያ ሥራ የቀሰመው ትምህርት ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከዐቅሙ በላይ ቢጫንም እንደማይቃጠል ነው። ሌሎች የመኪና ሞተር በኤሌክትሪክ ለማስነሣት እጅግ ግዙፍ ሞተርና ባትሪ ያስፈልጋል ብለው ሲያስቡ፣ እሱ አጭርና ብርቱ ግፊት ይበቃል አለ። ሐሳቡ ትክክል ሆነና የ1912 ሞዴል ካዲላክ በኤሌክትሪክ ሞተሪኖ የሚነሣ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1919 ደግሞ የብዙኃኑ መኪና ፎርድ ሞዴል ቲ ተከተለ። መንዳት የጉልበተኛ ወንድ ሥራ መሆኑ የቀረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክራችን ከፈጠራው እኩል ይጠቅማል። ሞተሪኖ ከገባ በኋላም ማኖቬላ ወዲያው አልጠፋም። የፈረንሳዩ ሲትሮዌን 2ሲቪ ለአሥርታት ማኖቬላ ይቀበል ነበር፤ ሶቪየቶችም ከጣሊያኑ ፊያት 124 ላዳን ሲሠሩ፣ በከባድ ብርድ ባትሪ ቢደክም ብለው የማኖቬላ ቀዳዳ ጨምረውበታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለዓመታት በታክሲነት ያገለገለው ላዳ የዚያ ዘር ነው። ዛሬ ግን ማኖቬላ የሚቀበል አዲስ መኪና የለም፤ ይህም ስሕተት አይደለም። ሞተሪኖ ሲበላሽ መኪናው ቆሞ ይቀራል፤ ባለቤቱ ይናደዳል፣ ቀጠሮ ያመልጠዋል፣ መካኒክ ይጠራል፤ የሚጎዳ ሰው ግን እምብዛም የለም። የማኖቬላው መቅረት የሚያስተምረን የእጅ መንገድ ሁልጊዜና በየቦታው ይኑር ማለት እንዳልሆነ ነው። መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ሲከዳ ሰውን አስቀርቶ ብቻ ይተወዋል ወይስ አደጋ ላይ ይጥለዋል የሚለው ነው። መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ፈጣሪው ነጻ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ይህን ጥያቄ ከመኪና በፊት የመለሰው ባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 ያወጣው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን የታመቀ አየር ወደ ጎማዎቹ በመላክ ባቡሩን ያቆም ነበር፤ ቱቦው ከተበጠሰ ግን ፍሬን የለም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው፦ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ፍሬኑን ለቅቆ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። የዛሬው የከባድ መኪና የአየር ፍሬንም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ክፍል አለው፤ አየሩ ሲያልቅ ጠንካራው ሞላ ጎማውን ያስራል። የሞተር ነዳጅ መስጫም ተመሳሳይ ጥበብ ነበረው። የሹፌሩ እግር በካቦ አማካይነት ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን ክብ ሳህን ይከፍታል፤ እግሩ ሲነሣ ሞላ ይዘጋዋል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 124 እግር ሲነሣ ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር እንዲመለስ፣ ይህንንም የሚያደርጉ ቢያንስ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የኃይል ምንጮች እንዲኖሩ ያዛል። አንዱ ሞላ ቢሰበር ሌላው ይተካዋል ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ መሣሪያው ሲደክም የሚያርፍበት ጎን አስቀድሞ ተመርጧል፤ ምርጫውም ከኤሌክትሪክና ከሰው ማስታወስ ውጪ በሆነ በቀላል የብረት ኃይል ተጠብቋል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ቢኤምደብሊው ባለ 12 ሲሊንደር መኪናው ላይ እንዳደረገው፣ ካቦው በሽቦና በኮምፒውተር መተካት ጀመረ። ፔዳሉ አሁን ፍላጎት ብቻ ይናገራል፤ ሳህኑን የሚከፍተው ትንሽ ሞተር ነው። መሐንዲሶቹ አደጋውን ስላወቁት በፔዳሉ ላይ ሁለት መለኪያዎች አደረጉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ኃይል ይቀንሳል። ይህ ጥንቃቄ በቂ ነበር ወይ የሚለው ክርክር የፈነዳው በኦገስት 2009 ነው። በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ አንድ ሌክሰስ መኪና ከቁጥጥር ውጪ ፈጥኖ 4 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ለሌላ ሞዴል የተሠራ የወለል ምንጣፍ ፔዳሉን ይዞት እንደነበር ደረሱበት፤ የሌክሰስ ባለቤት ቶዮታም በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው የሚል ጥርጣሬ ስለበረታ የአሜሪካ መንግሥት የናሳን መሐንዲሶች አስመረመረ፤ በፌብሩዋሪ 2011 የወጣው ሪፖርት ለእንዲህ ዓይነት ፍጥነት ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘም። በ2013 ግን በኦክላሆማ በታየ ሌላ ክስ ባለሙያዎች የሶፍትዌሩን አሠራር ክፉኛ ተችተው ዳኝነት ሰጪዎቹ በኩባንያው ላይ ፈረዱ።

አንባቢ ከሁለቱ ወገኖች የትኛውንም ቢያምን፣ የሳን ዲዬጎው አደጋ የሚያስተምረው ነገር አይለወጥም። በዚያ መኪና ሞተር የሚጠፋው ቁልፍ በማዞር ሳይሆን ቁልፍ ተክቶ በገባ መጫኛ ነበር፤ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ሞተሩን ለማጥፋት ደግሞ መጫኛውን ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ግን አንድን ነገር ደጋግሞ ይነካካል እንጂ ጣቱን አሳርፎ አይቆጥርም። ምንጣፉ የአደጋው መነሻ ቢሆንም፣ መውጫውን ያጠበበው ለድንጋጤ ያልታሰበበት መጫኛ ነው። ኩባንያው ቀጥሎ ያደረገው እርማትም ይህን ይመሰክራል፤ ሹፌር ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሲረግጥ ፍሬኑ እንዲበልጥ ሶፍትዌሩ ተስተካከለ። የሰው የተፈጥሮ እርምጃ፣ ማለትም ፍሬንን አጥብቆ መርገጥ፣ የመጨረሻው ቃል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ፈጣን መደምደሚያ ሊያስተን ይችላል፤ የሞተር ደህና ማረፊያ ዝምታ ነውና ሁሉም ነገር ወደ መጥፋት ይውደቅ የሚል። የጄኔራል ሞተርስ የቁልፍ ማብሪያ ታሪክ ይህን ይቃወማል። ሼቭሮሌ ኮባልትና ሳተርን አዮንን በመሳሰሉ መኪናዎች ላይ የተገጠመው ማብሪያ የመያዝ ኃይሉ ደካማ ነበር፤ የተንጠለጠለ የቁልፍ ክብደት ወይም የጉልበት ንክኪ መኪናው እየሮጠ ሳለ ቁልፉን ከሥራ ቦታው ያንሸራትተው ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን አጋዥ ይደክማል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ኤርባጎቹ ሳይነፉ መቅረታቸው ነው። ኩባንያው በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪናዎች መልሶ ጠራ፤ ለተጎጂዎች ያቋቋመው የካሳ ፈንድም 124 ሞቶችን ከጉድለቱ ጋር የተያያዙ ብሎ ተቀበለ። ማብሪያው በ2006 አካባቢ በጸጥታ ተሻሽሎ የዕቃው ቁጥር ግን ሳይለወጥ ስለቀረ፣ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት ለዓመታት አስቸገረ። ስለዚህ የአንድ ክፍል ደህና ማረፊያ የሚታወቀው ከመላው መኪና ጋር ሲታይ ነው፤ ለቆመ መኪና ደህና የሆነው ዝምታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ መኪና ሞት ሊሆን ይችላል።

መስታወትና ኮፈን ይህንኑ ፈተና በአነስተኛ መጠን ያሳያሉ። ፓካርድ በ1940 በኃይል የሚወጣና የሚወርድ መስታወት ሲያቀርብ ቅንጦት ነበር፤ እየተለመደ ሲመጣ ግን በመስኮት አንገቱን ያወጣ ሕፃን በጉልበቱ ማብሪያውን ሲጫን መስታወቱ ያንቀው ጀመር። እጀታ የሚያዞር ክንድ መስታወቱ ሲከብደው ያውቃል፤ ሞተር አያውቅም። ስለዚህ በራሱ የሚዘጋ መስታወት እንቅፋት ሲገጥመው እንዲመለስ፣ የሚጫነውም ኃይል ከ100 ኒውተን፣ ማለትም በግምት ከ10 ኪሎ ክብደት እንዳይበልጥ የሚሉ ደንቦች መጡ፤ በአሜሪካም መስታወቱን ለመዝጋት ማብሪያውን ወደ ላይ መሳብ ግዴታ ሆነ፤ ጉልበት ይጫናል እንጂ አይስብም። የኋላው የዕቃ ኮፈን ታሪክ ደግሞ የበለጠ መራራ ነው። በ1998 በጋ በአሜሪካ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 11 ሕፃናት በመኪና የዕቃ ኮፈን ውስጥ ተዘግተው ሞቱ። ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ የተሠሩ መኪናዎች ከውስጥ የሚከፍት፣ በጨለማ የሚታይ እጀታ እንዲኖራቸው የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። የፊት ኮፈን ሁለተኛ መያዣም የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው መያዣ ቢለቅ ሁለተኛው ኮፈኑ በሹፌሩ መስታወት ላይ እንዳይገለበጥ ይይዘዋል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የበሩ ነው፤ በር እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ግዴታዎች አሉበትና። በግጭት ጊዜ እንዳይከፈት፣ ከግጭት በኋላ ደግሞ እንዲከፈት ይፈለጋል። የመጀመሪያው ግዴታ በ1950ዎቹ ጎልቶ ወጣ፤ በግጭት የሚበረገድ በር ሰውን ወደ ውጭ እንደሚወረውር የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ጥናት ስላሳየ፣ ፎርድ ለ1956 ሞዴሎቹ የተጠናከረ የበር መቆለፊያ አቀረበ። ሁለተኛው ግዴታ ለረዥም ጊዜ ችግር አልነበረም፤ የውስጡ እጀታ በብረት ዘንግ ከመቆለፊያው ጋር የተያያዘ ስለነበር ባትሪ ኖረም አልኖረም ይከፍታል። አሁን በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እጀታው ማብሪያ ብቻ ሆኗል፤ የሚከፍተው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚያሠራው ሞተር ነው፤ የውጭው እጀታም ከበሩ ገጽ ጋር ተስተካክሎ ይደበቃል። የእጅ መክፈቻው በአንዳንድ ሞዴሎች ከምንጣፍ ሥር ወይም ከበሩ ኪስ ግርጌ ተሸሽጓል፤ ለኋላ በሮች ጨርሶ ያልተሠራላቸውም ነበሩ።

ውጤቱ መታየት ጀምሯል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2025 ወደ 174 ሺህ የሚጠጉ የ2021 ቴስላ ሞዴል ዋይ መኪናዎች ላይ ምርመራ ከፈተ፤ ባትሪው ሲደክም የውጭ እጀታቸው አልሠራ ብሎ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማውጣት መስታወት የሰበሩባቸው አጋጣሚዎች ሪፖርት ተደርገው ነበር። በኦክቶበር 2025 በቻይና ቼንግዱ ከተማ አንድ የሻዎሚ መኪና ተጋጭቶ ሲነድ፣ የደረሱት ሰዎች በሩን መክፈት ሳይችሉ ቀሩ። ቻይና በ2026 መጀመሪያ ያጸደቀችው ደንብ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ አዳዲስ መኪናዎች ከውጭም ከውስጥም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት የበር እጀታ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። የድብቅ እጀታ ትልቁ ገበያ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ የብረት ዘንጉን ጠየቀ ማለት ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክስ ከገደለው ያዳነው ይበልጣል ይላል፤ እውነት ነው። መኪና ሲንሸራተት በየጎማው ፍሬን የሚይዘውና የሞተሩን ኃይል የሚቀንሰው ሥርዓት ያለ ኮምፒውተር ሊኖር አይችልም። እንደ ጃጓር ኤክስኬ ባሉ መኪናዎችም በእግረኛ ላይ ግጭት ሲደርስ ኮፈኑ በቅጽበት ከፍ ብሎ ከሥሩ ካለው ጠንካራ ሞተር ያርቀዋል፤ ይህን የሰው እጅ ሊያደርገው አይችልም። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ሲመረመር የእኛን ክርክር ያጠናክራል፤ የሚነሣው ኮፈን መሣሪያው ባይሠራ እንኳ እንደ ተራ ኮፈን ይቀራል፣ ከዚህ በፊት የነበረውን ደህንነት አይነጥቅም። ጥሩ ፈጠራ ይጨምራል እንጂ ያለውን አይወስድም። የኤሌክትሪክ በር ግን በተበላሸ ቀን ተራ በር ሆኖ መቅረት ካልቻለ፣ ከተካው እጀታ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋና የንድፍ ነው፤ የብረት ዘንግ ክብደትና ወጪ ይጨምራል፣ ጎልቶ የወጣ እጀታም የነፋስ ግጭት ያበዛል ይባላል። የተደበቀ እጀታ የሚቆጥበው ኃይል ግን ከመኪናው አጠቃላይ ፍጆታ አንጻር ጥቂት ነው፤ የብረት ዘንጉም ከሞተሩና ከሽቦው የሚረክስ ዕቃ ነው። በአንጻሩ ጄኔራል ሞተርስ በ2015 በቁልፍ ማብሪያው ጉዳይ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ለመስማማት ብቻ 900 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከዚሁ ጋር ባለቤቱ የመኪናውን መመሪያ ካነበበ መክፈቻውን ያገኘዋል የሚል መከራከሪያ አለ። መመሪያውን ያነበበው ባለቤት ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል፤ የኋላው ወንበር ላይ ያለው እንግዳ፣ ሕፃኑና ከመንገድ ሮጦ የደረሰው አላፊ አግዳሚ ግን አላነበቡትም። ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ነገር ያለ ትምህርት ካልተገኘ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሦስተኛውና ብርቱው ተቃውሞ ከመሐንዲሶቹ ዘንድ ይመጣል። የእጅ መንገድን ከማቆየት ይልቅ ኤሌክትሮኒክሱን በእጥፍ መሥራት ይሻላል፤ አውሮፕላንም የሚበረው እንዲሁ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓይነት መጠባበቂያ መለየት አለበት። ሁለት መለኪያዎች ከአንድ ባትሪ የሚመገቡ ከሆነ ባትሪው ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንድ ሶፍትዌር በሁለት ኮምፒውተር ላይ ቢጫን ስሕተቱም በሁለቱ ላይ ይደገማል። ተጠባባቂ የሚያስተማምነው የሚወድቅበት ምክንያት ከዋናው ሲለይ ነው። ኢንፊኒቲ በ2013 መሪውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ የሚያዝ ኪው50 መኪና ሲያወጣ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ቢከዳ መሪውን ከጎማዎቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የብረት ዘንግ በውስጡ ያቆየው ለዚህ ነው። ለአውሮፕላን መጠባበቂያው ሦስትና አራት እጥፍ ነው፤ ጥገናውም በሰዓት የተቆጠረና በባለሙያ የሚፈረም ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ፣ ባለቤቱን ሦስት ጊዜ የለወጠ መኪና ያን ዓይነት እንክብካቤ አያገኝም፤ እንዲያገኝም መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በፍጥነት እየበዛ ነው፤ አብዛኛውም የቻይና ሥራ ነው። የቻይና አዲስ ደንብ ከ2027 በፊት ተሠርተው የገቡትን መኪናዎች አያስተካክላቸውም፤ እነሱ ደግሞ በእኛ አገር ልማድ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የሚያስመጡ ነጋዴዎችና ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማት እያንዳንዱ በር ያለ ባትሪ ከውስጥና ከውጭ መከፈቱን ከፍሬንና ከመብራት እኩል ሊፈትሹ ይገባል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም የየሞዴሉ መክፈቻ የት እንዳለ ሊሠለጥኑ ይገባል። መኪና ለመግዛት የተዘጋጀ አንባቢ ደግሞ ሻጩን ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ አንድ ቻርጅ ርቀት ከመጠየቁ በፊት፣ ባትሪው ጠፍቶ አራቱም በሮች እንዴት እንደሚከፈቱ በዓይኑ እያየ ያሳየው። መልስ ያጣ ሻጭ ቢገጥመው ዕቃው አላለቀም ማለት ነውና፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላው ይሂድ።